ከሰርኪስ ባቡር እስከ ማኅበሩ ግቢ አሮጌ ትራክተር

ዛሬ ፒያሳ ሲባል በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱና ቡና ቤቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሥፍራው አራዳ ነበረ፤ አራዳም የገበሬ ገበያ ነበረች። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ዋናውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ እስኪያዛውሩት ድረስ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተዘረጋው ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣ ገበሬ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ቆዳውን ሸጦ፣ ጨውና ጨርቅ ገዝቶ ይመለስ ነበር። ዋናው የገበያ ቀን ቅዳሜ ነበረ። ገበሬው ከተማ የገባውን አዲስ ነገር የሚያየውና የሚሰማው በዚሁ ገበያ ሲሆን፣ ወደ ቀዬው ሲመለስም ከጨው ጋር ወሬ ተሸክሞ ይመለስ ነበር።

በ1890ዎቹ ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ሕዝብ ትልቅ ወሬ ከሆኑት ነገሮች አንዱ «የሰርኪስ ባቡር» ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን የአርመን ተወላጅ ነጋዴ ሲሆን፣ ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ የጦር መሣሪያና ልዩ ልዩ ዕቃ ከውጭ አገር በማስመጣት የታወቀ ሰው ነበር። በስሙ የተጠራው ባቡር በሐዲድ ላይ የሚሄድ አልነበረም። በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ፣ በሰፋፊ የብረት መንኰራኩሮች በምድር ላይ የሚጓዝ፣ መንገድ የሚዳምጥ ከባድ መኪና ነበር። የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ብረት ወደ ዋና ከተማይቱ የመጣው ዛሬ መንገድ የሚባለው ነገር ባልነበረበት ጊዜ ነው። የመንገድ መዳመጫው መንገድ በሌለበት አገር ተጉዞ መምጣቱ ራሱ የሚያስገርም ነው።

ባቡር የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው እንፋሎት ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን አንድ ቃል ተቀብሎ ለብዙ ነገር አዋለው፤ በሐዲድ ለሚሄደውም፣ መንገድ ለሚዳምጠውም፣ እህል ለሚፈጨውም። ዛሬም በገጠር የወፍጮ ባቡር ሲባል ሐዲዱ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሰርኪስ ባቡር ለዛሬው ገበሬ የሚቀርበው በሌላ በኩል ነው። መኪናው የትራክተር ቅድመ አያት ነው። በዚያው ዘመን በአውሮፓ መሰል የእንፋሎት መኪኖች መንገድ መዳመጥ ብቻ ሳይሆን የእህል መውቂያ ያሽከረክሩ፣ በማሳው ዳርና ዳር ቆመውም ማረሻ በሽቦ ገመድ ይስቡ ነበር። በአሜሪካ፣ በአዮዋ፣ ጆን ፍሮይሊክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 በቤንዚን ሞተር ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ መኪና ሠራ፤ የዛሬው ትራክተር ዘር ከዚያ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሠራው ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን ደግሞ ማረሻውን ከኋላው በሦስት ክንድ ይዞ በዘይት ግፊት የሚያነሣና የሚያወርድ ነበር። ዛሬ በየማሳው የሚታየው ትራክተር ይህንኑ አሠራር የያዘ ነው።

ያ ባቡር በአዲስ አበባ ጎዳና ሲያልፍ ስንት ሕፃን ተከትሎት እንደሮጠ የቆጠረ የለም። ሆኖም ትራክተር ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ያየ ሰው ሁኔታውን ለመገመት አያዳግተውም። አጼ ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ቀርበው የማየትና የመጠየቅ ልማድ እንደነበራቸው በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተሳፍረው ሞክረውታል። ሕፃናቱን ግን ቀርባችሁ እዩ፣ ጠይቁ የሚላቸው አይኖርም፤ የእነሱ ድርሻ ከኋላ መሮጥ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ የገበሬው ልጅ ከትራክተር ጋር ያለው ትውውቅ ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ነገሩን ከበሬው እርሻ ጋር ማመዛዘን ይገባል። የገበሬ ልጅ እርሻን የሚማረው በትምህርት ቤት አይደለም። ገና በአራትና በአምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ለአባቱ ምሳ ይዞ ማሳው ዳር ይደርሳል። ቀንበሩን፣ ሞፈሩን፣ ዕርፉን፣ ድግሩን፣ ወገሉን፣ ምራኑን በስማቸው ያውቃቸዋል። በእንጨት ቁራጭ የራሱን ትንሽ ሞፈርና ቀንበር ሠርቶ ይጫወታል። ጥቂት ከፍ ሲል በሬዎቹን ይነዳል፤ ዕርፍ የሚጨብጠው ክንዱ ሲጠነክር ነው። አደጋውንም አብሮ ይማራል፤ የትኛው በሬ እንደሚወጋ፣ ከየትኛው ኋላ መቆም እንደማይገባ ዓመቱን ሙሉ ሲነገረው ያድጋል። ማንም የትምህርት ፕሮግራም ሳያወጣለት ዕድሜውና ሥራው እየተመዛዘኑ የሚሄዱበት ሥርዓት ነው።

ትራክተሩ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይቋረጣል። በኪራይ የመጣው ትራክተር ሌሊት ይገባል፤ ኦፕሬተሩ የሚከፈለው በሄክታር ስለሆነ ይቸኩላል፤ ልጆችን «ዞር በሉ» ከማለት በቀር የሚያስረዳበት ጊዜ የለውም። ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ይሄዳል። ልጁ የአንዱንም አካል ስም አያውቅም። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከኋላ ሮጦ መንጠልጠል ነው። አንዳንዱ አባትም ልጁን ለማስደሰት ብሎ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ እንዲቀመጥለት ኦፕሬተሩን ይለምናል። የሕፃን ሕይወት በትራክተር ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው በፍቅር የተደረገ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ በብዙ ቀበሌ ሳይታሰብበት የተተወ አንድ ሀብት አለ፤ እሱም የቆመው አሮጌ ትራክተር ነው።

የትራክተር ታሪክ በኢትዮጵያ ገጠር ለገበሬው ሁልጊዜ የደስታ ታሪክ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመው ካዱ አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት የተነሣ ቢሆንም፣ የስንዴው ትርፍ የሳባቸው ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቀሉት። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰው የትራክተር ድምፅ ሲሰማ ቢደነግጥ የሚያስወቅሰው አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራትም በ800 ሄክታር መሬት፣ ማለት በ20 ጋሻ ገደማ እንዲቋቋሙ አደረገ። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት መንግሥታዊ እርሻዎችና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ትራክተር ያዙ። በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተቋቋመው ፋብሪካም ቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲወጣ የአምራቾቹ ማኅበራት አብዛኞቹ በአባሎቻቸው ፈቃድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በሬው ተከፋፈለ፤ መሬቱ ተከፋፈለ። ትራክተር ግን እንደ በሬ ለሁለት ቤት አይከፈልም፤ ባለቤት ሲያጣ ይቆማል።

ከቆሙት መካከል ማሴይ ፈርጉሰን፣ ፊያትና ቤላሩስ ይገኙባቸዋል። እነዚህን አሮጌ መኪኖች ማንቀሳቀስ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ ሁልጊዜ አዎን አይደለም። ማርሽ ሳጥኑ የተሰበረ፣ የሞተሩ ብሎክ የተሰነጠቀ፣ ፖምፓው የተወሰደበት ትራክተር የማኅበሩን የማዳበሪያ ገንዘብ በልቶ ተመልሶ ይቆማል። እንዲህ ያለው ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይገባም። በተቃራኒው ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው ማሴይ ፈርጉሰን 135 ዓይነቱ ቀላል አሠራር ስላለው፣ አካሉ ከተሟላ፣ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ወደ ሥራ ሊመልሰው ይችላል። ምናልባት እንደ አዲስ አያርስም፤ ነገር ግን ጋሪ ይጎትታል፣ የውሃ ፖምፓ ያዞራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይቸኩል መኪና ነው። ነገ ወደ ሌላ ቀበሌ አይሄድም። ለሕፃን መማሪያ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አባትና ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ቢውሉ የሚያባርራቸው ኦፕሬተር የለም።

ሥራው የሚጀመረው ሞተር በማስነሣት አይደለም። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጡ ይይዛል፤ በጉልበት ወይም በሌላ መኪና ተጎትቶ እንዲነሣ ቢደረግ ፒስተኑ ወይም ቀለበቱ ይሰበራል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ኖዝሎቹን ፈትተው በቀዳዳው ቀጭን ዘይት አፍስሰው ለቀናት ይተዉታል፤ ከዚያም ሞተሩን በእጅ በቀስታ አዙረው መላቀቁን ያረጋግጣሉ። አሮጌው ዘይት ይወጣል። ሰልባትዮው ውስጥ ውሃና ዝገት ስለሚኖር ይታጠባል፤ ፊልትሮው ይለወጣል። የናፍጣ ሞተር በመስመሩ ውስጥ ትንሽ አየር ከገባበት ስለማይነሣ አየሩ በየብሎኑ እየተላላ ይወጣል። በብዙ ቦታ ሞተሩ የተበላሸ ነው ተብሎ የተጣለ ትራክተር ችግሩ ይኸው አየር ሆኖ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። ፍሬኑ ሳይሠራ ሞተሩ መነሣት የለበትም። ብዙ ሰው የሞተር ድምፅ ለመስማት ከመቸኮሉ የተነሣ ይህን ይገለብጠዋል፤ ተነሥቶ ማቆሚያ ያጣ ትራክተር ከቆመው የከፋ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕፃናቱ የሚገቡት በዚህ የዝግጅት ጊዜ ነው፤ መኪናው ሳይነሣ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ ጎማዎቹ በግንድ ተደግፈው ባሉበት ጊዜ። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የተፈታውን ብሎንና ዳዶ በጣሳ በጣሳ እየለየ ማስቀመጥ ይችላል፤ ትልቁን ከትንሹ፣ ጥርሱ የጠፋውን ከደኅናው መለየት ደስ የሚለው ሥራ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ የጥርሳማውን መዘውር ጥርስ ይቆጥራል። ትንሹ 15 ጥርስ፣ ትልቁ 45 ጥርስ ቢኖረው ትንሹ ስንቴ ሲዞር ትልቁ አንዴ እንደሚዞር በእጁ አዙሮ ያየ ልጅ ማካፈልን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ከተማረው ይልቅ ይይዘዋል። ዝገት በሽቦ ብሩሽ ሲነሣ ግን ትንንሾቹ ይራቁ፤ ብናኙ ለዓይን አደገኛ ነው። ዕቃ በቤንዚን ማጠብም ለማንም አይፈቀድ። ቤንዚን ከሲጋራም ከማዕድ ቤት እሳትም በቀላሉ ይቀጣጠላል።

የአካሎቹን ስም መማር ለብቻው ቁም ነገር ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ተመልሶ ወደ ፒያሳ ይመጣል። ፒያሳ የሚለው ስም የጣሊያንኛ ሲሆን አደባባይ ማለት ነው። ገበያው ከአራዳ ሲነሣ ይህ ስም በቦታው ተተከለ። ከዚያው ቋንቋ የመጡ ሌሎች ቃላት ደግሞ ከአደባባዩ ወጥተው ኢትዮጵያን በሙሉ ዞሩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ ፓራፋንጎ፣ ሰልባትዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ክሪክ፤ እነዚህ ሁሉ በጋራዥ ሠራተኛ አፍ ላይ አማርኛ ከሆኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ በመካኒኩ እጅ ቀረ። ከትራክተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወይም በሩስኛ የተጻፈ ስለሆነ ኦፕሬተሩም አያነበውም፤ የሚግባባው በእነዚህ ቃላት ነው። ድግርና ወገልን የሚያውቅ ልጅ ፍሪሲዮንና ካምቢዮን የማያውቅበት ምክንያት የለም። ቃሉን ካወቀ መጠየቅ ይችላል። «ያቺ ነገር ምንድን ናት?» ማለትና «ፍሪሲዮኑ ለምን ይንሸራተታል?» ማለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

አሁን ስለ አደጋው መናገር ያስፈልጋል፤ የመሪዎችም ዋና ኃላፊነት ያለው በዚህ ላይ ነው።

ትራክተር የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው መኪና ላይ ሁለተኛ ሰው ቢወጣ የሚይዘው ነገር የለውም። ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ትራክተሩ አንድ ትልም ሲሻገር በሚነሣው ንቅናቄ ከተንሸራተተ የሚወድቀው ወደ ትልቁ የኋላ ጎማ ወይም ወደ ማረሻው ነው። ኦፕሬተሩ ፍሬን እስኪይዝ ጎማው አልፎታል። በአባቱ ጭን ላይ የተቀመጠም ቢሆን ልዩነት የለውም፤ የአባትየው ሁለት እጅ መሪና ማርሽ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእርሻ ሥራ ላይ ባለ ትራክተር ላይ እንዳይሳፈር በሕግ የተከለከለው በዚህ ዓይነት አደጋ ብዙ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው። ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ቢገለበጥ ነጂውን የሚያድን የብረት ክፈፍ እንዲኖረው ደነገገች። ከብዙዎቹ አሮጌ ትራክተሮች ጋር ይህ ክፈፍ የለም። ሲገለበጡ በነጂው ላይ ነው።

መገልበጥ ሲባል ወደ ጎን ብቻ አይደለም። ግንድ ወይም የተቀረቀረ መኪና ለመጎተት ገመዱ ከኋላው ዘንግ በላይ ከታሰረ ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ ወደኋላ ይገለበጣል። ይህ የሚሆነው ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ስለሆነ ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ አይደርስም። ገመድ የሚታሰረው ዝቅ ብሎ በተሠራለት መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። ልጆችም በሚጎተተው ነገር አጠገብ መቆም የለባቸውም፤ የተበጠሰ ሰንሰለት ሰው ይቆርጣል።

ለገጠሩ ሕዝብ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከልብሱ ጋር የተያያዘው ነው። ኦፕሬተሮች ፒቲኦ የሚሉት ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ፖምፓና መውቂያ የሚያሽከረክረው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። ጋቢ የደረበ አባት፣ ነጠላ ያጣፋች እናት፣ ኩታ የለበሰ ልጅ ከዚህ ዘንግ አጠገብ ቢያልፉ ጫፉ እንደተያዘ ሰውየው ከልብሱ ጋር ይጠቀለላል። መሸፈኛው የጠፋ ዘንግ በየመንደሩ መታየቱ የታወቀ ነው፤ መሸፈኛው ሳይገጠም ሥራ መጀመር የለበትም። ራዲያተሩን በትኩስነቱ መክፈት፣ በድንጋይ በተደገፈ መኪና ሥር መግባት፣ በዘይት ግፊት ተነሥቶ በቆመ ማረሻ ሥር መጫወትም እንደዚሁ ናቸው። ማረሻ ሥራ ሲያበቃ መሬት ላይ ይውረድ። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ አንድ ልጅ ማንሻውን ቢነካው ይወርዳል፤ ወንድሙ ከሥሩ ቢሆንስ?

ይህ ሁሉ ሲነገር ልጆችን ከመኪናው ጨርሶ ማራቅ ይሻላል የሚል ይኖራል። በወሬ ደረጃ ያስኬዳል። በተግባር ግን በቀበሌው ውስጥ ያለ መኪና ከልጅ ዓይን አይሸሸግም፤ አባቱ ያላስተማረው ልጅ አባቱ በሌለበት ቀን ይወጣበታል። ቁልፉ ተሰክቶ የተተወ ትራክተር ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚያጓጓ ራሱን የማያታልል ሰው ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው ልጁ መኪናውን ይቅረበው አይቅረበው አይደለም፤ ከማን ጋርና መኪናው በምን ሁኔታ ላይ ሳለ ይቅረበው ነው። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይህን በቃለ ጉባኤ ሊወስን ይችላል። ቁልፉ በማን ቤት እንደሚያድር፣ ሞተር ሲነሣ ልጆች ከየትኛው አጥር ወዲያ እንደሚቆሙ፣ ልጅ የጫነ የኪራይ ኦፕሬተር የቀኑ ሥራ እንደሚቋረጥበት ቢወሰን ምንም ወጪ የለውም። ሦስተኛውን ማስፈጸም ከባድ ነው፤ በእርሻ ወቅት ኦፕሬተር ማግኘት ስለሚያስቸግር ማንም ሊያስቀይመው አይፈልግም። መሪ የሚያስፈልገውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሊነሣ የማይችለው ትራክተር እንኳ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። ባትሪው ወጥቶ፣ ናፍጣውና ዘይቱ ተቀድቶ፣ በግንድ ላይ በሚገባ ተቀምጦ፣ ስለት ያለው አካል ተነሥቶለት በትምህርት ቤት ግቢ ቢቆም ልጆች መሪውን ያዞሩበታል፣ ማርሹን ያስገቡበታል። ተሳፍሮ የመሄድ ጉጉታቸው በማይሄድ ትራክተር ላይ ቢወጣላቸው ጉዳት የለውም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1950 ሁለት ሰዎች በአሮጌ የእንፋሎት መኪኖቻቸው ተወራርደው ከተሽቀዳደሙ ወዲህ፣ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መጣያ ይሄዱ የነበሩ መኪኖች በየቤተሰቡ እጅ እየታደሱ በየዓመቱ በሜዳ ላይ ይታያሉ። አያት፣ አባትና ልጅ አንድ መኪና ሲወለውሉ መታየታቸው እዚያ የተለመደ ነው። ገንዘብ የተረፈው ሕዝብ ጨዋታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሰርኪስ ባቡር ዘመዶች እስከ ዛሬ ውሃቸው ፈልቶ የሚንቀሳቀሱት ግን በዚህ ጨዋታ ምክንያት ነው።

መለዋወጫ ዕቃ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መምጣት አይቀርም። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው በኩል ያለው ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ ገበያነቱ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው። ወደዚያ የሚሄድ መሪ የተበላሸውን ዕቃ ራሱን ይዞ ይምጣ እንጂ «የማሴይ ኩሽኔታ» ብሎ በቃል አይጠይቅ፤ በላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሻጩ ምላስ ይታመናል። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለውና ትምህርት ካልተያዘበት አሮጌዋን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ እሱ ይያዝለት። ቁጥሩን ለሻጩ የሚያነበው ልጁ ይሁን።

ዕቃው ከተገኘ በኋላ እስከ አራዳ ያለውን ዳገት በእግር መውጣት ብዙ አይደክምም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ስለፈረሱ ከዚያ በፊት የሚያውቃት ሰው መንገዱ ይጠፋው ይሆናል። ገበሬው ጎመንና ሽንኩርት ያራግፍበት የነበረው አትክልት ተራም በ2012 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥቷል። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግን በቦታው አለ፤ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የምኒልክ ሐውልትም በፈረሱ ላይ እንዳለ ነው። ከሐውልቱ አጠገብ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይታያል። ለልጁ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚነገረው ነገር፣ የቆመበት መሬት የገበሬ ገበያ እንደነበረና አያቶቹ እህል ጭነው ይመጡ በነበሩበት ዘመን እዚህ ከተማ ውስጥ እንጨትና ውሃ እየበላ የሚሄድ ብረት እንደነበረ ነው። «አሁን የት ሄደ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከሥራ ከወጣ በኋላም ለብዙ ዘመን በከተማይቱ ቆሞ ዝጎ ይታይ እንደነበረ ሊነግረው ይችላል፤ ልጁም የመንደሩን ትራክተር ማስታወሱ አይቀርም።

ወደ ቀበሌው ሲመለሱ ኩሽኔታዋ ትገጠማለች። የአካሎቹ ስም የሚጻፍበት ደብተር በሁለት ዓምድ ቢሰመር ጥሩ ነው፤ በአንዱ ስሙ፣ በሌላው ሥራው። ዋጋውንና የተገዛበትን ቀን በሦስተኛ ዓምድ ማስፈር ሒሳብ ሹሙን ይጠቅማል። ፊደል የቆጠረው ልጅ ይጽፋል፤ ያልቆጠረው ሥዕሉን ይሥላል። ደብተሩ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው መካኒክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።